ተሸክሜው የምሄደው ቤት

ከባሌ ጋር ስንለያይ ሽማግሎቹ ከብቱን ለሁለት ከፈሉ፤ እህሉንም በቁና ሰፍረው አካፈሉን። ቤቱ ላይ ሲደርሱ ግን እንዴት እንደሚከፍሉት ቸገራቸው። ቤቱ የቆመው የባሌ አባት በሰጡት መሬት ላይ ነው። እንጨቱን የተከሉት እሱና ወንድሞቹ ናቸው። ጭቃውን ያቦካሁት፣ ውሃውን ከወንዝ በጀርባዬ ያመላለስሁት፣ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በመዳፌ የመረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እኔ ሰው በተሰበሰበበት ድምፄ አይወጣም፤ ይህን ለሽማግሎቹ የነገረችልኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ባሌ ሰማና ፈገግ ብሎ፣

«እንግዲያው ጭቃዋን ፍቃ ትውሰዳ» አለ።

ሽማግሎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው የሳቁት። ለጭቃው ተብላ አንዲት ጊደር ተጨመረችልኝ። እሷን እየነዳሁ ወደ ታላቅ ወንድሜ ቤት ስሄድ፣ ከእንግዲህ ትቼው የምወጣውን ቤት አልሠራም አልሁ። ይዤው የምሄደው ቤት በዓለም ይኑር አይኑር ግን አላውቅም ነበር።

በእኛ በስማዳ ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ይደርቃል፤ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ እንጨቱ ይተከላል፤ ማገሩ ይታሰራል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ይሰነብታል፤ ከዚያ ይመረጋል። ምርጊቱ ሳይደርቅ ዝናብ ከቀደመ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቤቱ አንዴ ከቆመ ደግሞ ከቆመበት አይነቃነቅም። ባለቤቱ ትቶት ከሄደ እንጨቱ ለማገዶ ይነቀላል፣ ጭቃው ወደ አፈርነቱ ይመለሳል።

ወንድሜ ቤት በገባሁ በዓመቱ ከወገዳ ከተማ ወዲህ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ካምፕ ተከሉ። ልብስ አጣቢ ሲፈልጉ እኔ ሄድሁ። የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብና መጻፍ አያቅተኝም፣ የሚያቅተኝ መናገር ነው። ልብስ ማጠብ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይስማማል። ሰው ልብሱን ጥሎልኝ ይሄዳል፤ ታጥቦ ሲመለስለት «ተባረኪ» ይላል፤ አበቃ።

የካምፑ ክፍሎች ነጫጭ ሳጥን ይመስላሉ። ግድግዳቸው ሁለት ስስ ቆርቆሮ ነው፤ በመሀሉ አረፋ የሚመስል ቀላል ነገር ተሞልቶበታል። ተገጣጣሚ ቤት ይሏቸዋል። መጀመሪያ ሳያቸው ናቅኋቸው። በእጄ ስነካቸው ቀዝቃዛና ለስላሳ ናቸው፤ የሰው እጅ ያረፈበት ነገር የላቸውም። ሁሉም መጠናቸው አንድ ስለሆነ አንዱ መኝታ፣ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ የሐኪም ክፍል ሆኖ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው የመሀሉን ግድግዳ ሲያወጡት ደግሞ የምግብ አዳራሽ ወጣው። ሰው ሲበዛ ይጨምራሉ፤ ሲያንስ ይቀንሳሉ።

ሥራው ወደ እስቴ በኩል ሲሻገር ካምፑ ይነሳል ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ፣ ማታ መሐንዲሶቹ የተኙበት ክፍል የለም። ቀና ስል መኪና ላይ አየሁት፤ ግድግዳው፣ ጣራው፣ በሩ እንደ ታጠፈ አንሶላ ተደራርቧል። መስኮቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ቤቱ በነበረበት ቦታ የቀረው እግሮቹ ያረፉበት ሲሚንቶ ብቻ ነው። እርጥቡን ልብስ እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ።

ቤቶቹን የሚፈታው ሸምገል ያለ፣ ከሌላ አገር የመጣ ሙያተኛ ነው። ልብሱን ስመልስለት ሁልጊዜ አንድ ቀልድ ስለሚጥልልኝ እንደ ሌሎቹ አልፈራውም። ቀረብ ብዬ፣

«ሲፈታ አይሰበርም?» አልሁት።

«የሚሰበር ቢሆን እኔ ምን በልቼ አድር ነበር?» አለና ሳቀ። «ይሄን የምታዪውን ንፋስ መውጫ ላይ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ቆላ ነበር። ከእኔ የበለጠ አገር ያየ ቤት ነው።»

ያን ዕለት ያጠብሁትን ልብስ ለማን እንደሰጠሁ አላስታውስም።

ከክፍሎቹ አንዷን አፈር የሚዝቀው ሎደር ገጭቷት ማዕዘኗ ተጨራምቶ ነበር። ወደ እስቴ አትሄድም፣ ለሠራተኛ ትሸጥ ተባለ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በር ላይ ሄጄ ቆምሁ። ብዙ ቆይቶ አየኝ።

«ያልወሰድሁት ልብስ አለኝ እንዴ?»

«የለም።»

«ታዲያ?»

«ቤቷን» አልሁ።

«የትኛዋን ቤት?»

«የተጎዳችዋን።»

«ለማን ብለሽ ነው የምትገዢው?»

«ለእኔ።»

ከወንበሩ ዘንበል ብሎ ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ። ማንም አልነበረም። ጊደሬን ወገዳ ገበያ አውጥቼ ሸጥሁና ቤቷን ገዛሁ።

ሙያተኛው ሲፈታት አጠገቡ ሆኜ ብሎኑን በቆርቆሮ እሰበስብ ነበር። በየግድግዳው ጠርዝ ላይ፣ ከተገጠመ በኋላ በማይታይበት በኩል፣ ፊደል በቀለም ጻፈልኝ፤ ሀ ከሀ ጋር፣ ለ ከለ ጋር እንዲገናኝ። «መጀመሪያ ሁሉንም ላላ አድርገሽ ግጠሚ» አለኝ። «አንዱን ቀድመሽ ካጠበቅሽ ሌላው እንቢ ይልሻል። ጣራው ከገባ በኋላ አጥብቂ። እግሩን ደግሞ አፈር አይንካው፤ ድንጋይ ላይ ይረፍ። አፈር ከነካው ይዝጋል፣ ሁለተኛ አይፈታም።» የብሎን መፍቻውንም ምርቃት አድርጎ ሰጠኝ።

መኪናው መንገድ ዳር አራግፎልን ሄደ። ከዚያ እስከ ወንድሜ ቤት ያለው ኮረብታ ነው። ግድግዳው ክብደት የለውም፤ ሁለት ሰው ያለ ጭንቅ ይይዘዋል። ግን ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ይወዳል። ኮረብታው አናት ላይ ስንደርስ ወንድሜና አንድ ጎረቤታችን የያዙት ግድግዳ በአንድ ጊዜ እንደ ሸራ ተነፋና ሁለቱንም በእርሻው መሀል እያንደረደረ ወሰዳቸው። ከኋላ ሌላ ግድግዳ የያዘው ሌላው ጎረቤታችን፣

«ያዙት እንጂ፣ ቤቱ ቀድሞን እስቴ ሊገባ ነው» ይላል። ይህ ሰው በሠርግም በለቅሶም የማይቀልድበት ነገር የለም።

የቀረውን በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ አመጣነው።

ወንድሜ ደቦ ጠራልኝ። ባል የሌላት ሴት ደቦ ብትጠራ ማን ይመጣል ብሎ በራሱ ስም ነው የጠራው። ሚስቱ ጠላ ጠመቀች። የነፍስ አባታችንም ቦታውን ሊባርኩ መጡ፤ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የቆዩ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

ከሴቶቹ ጋር ጠላ እያጠለልሁ ሳለ ከውጭ አፈር ሲጠቀጠቅ ሰማሁ። ወጥቼ ሳይ፣ ለቤቴ የብረት እግሮች ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው ተክለዋቸዋል፤ ዙሪያውን በድንጋይ እየጠቀጠቁ ናቸው። አገሩ የሚያውቀው የቤት አሠራር ይኸው ነው፤ እንጨት እንደሚተከል ብረቱን ተከሉት። ወንድሜ ጆሮ ሥር ሄጄ፣

«ጋሼ፣ እግሩ አይቀበርም» አልሁት።

«ያልተቀበረ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ቀልደኛው ጎረቤታችን ሰማ። «እግሩ ውጭ ከሆነማ አልጋ ነው» አለ። «ጠፍር ወጥሩበትና እንተኛበት።»

ሁሉም ሳቀ፤ ሥራውም ቀጠለ። ግድግዳዎቹን አቁመው ወደ በሩ ሲደርሱ ግን በሩ አልከፈት አለ። ቤቱ በክንድ ስላጠረ የበሩ ግርጌ መሬት ውስጥ ገብቷል። ሦስት ሰው ገፋው፤ አፈሩን ቦጨቀና ቆመ። ተመካከሩና ከታች በኩል በመጋዝ ይቆረጥ አሉ። አንደኛው መጋዝ ሊያመጣ ሄደ።

ያን ጊዜ አጥሩ ላይ የተደገፈውን ዶማ አነሳሁና የአንዱን እግር ሥር መቆፈር ጀመርሁ።

«ምን ሆነች?» ይላሉ ከኋላዬ።

ወንድሜ መጥቶ በቀስታ፣ «ተይ እንጂ፣ ሰው ያይሻል» አለኝ።

«ይየኝ።»

«ነፋስ ይወስደዋል እኮ ነው የምልሽ። ትናንት አላየሽም?»

«ነፋስ አይወስደውም ጋሼ። የምወስደው እኔ ነኝ።»

«ወዴት?»

«ወገዳ። ክረምቱ ሲያልፍ።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ወገዳ ብዙ መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች አሉ፤ ልብሳቸውን የሚያጥብላቸው ይፈልጋሉ። ልብስ የምቀበልበት፣ የምተኩስበትና የምተኛበት አንድ ክፍል ይበቃኛል። ያሰብሁት ይህን ነው። ግን የተናገርሁት ወገዳ የምትለውን ቃል ብቻ ነው፤ ሌላው አልወጣልኝም። ፊቴ እሳት ሆኖ ጎንበስ ብዬ ቁፋሮዬን ቀጠልሁ። የነፍስ አባታችን ከተቀመጡበት፣

«እስራኤል በበረሃ ሲጓዙ የታቦቱ ድንኳን ሳንቃ ነበረው» አሉ። «ሳንቃው ከእግሩ ላይ ይቆማል፤ ሲጓዙ ይነቀላል፤ ሌዋውያን ይሸከሙታል። እግሩን ቅበሩት የሚል አላነበብሁም።»

«አባታችን፣ ሌዋውያኑ እኛ ልንሆን ነው?» አለ ቀልደኛው።

«ጠላውን የጠጣ ሁሉ ይሸከማል።»

ሳቁና ዶማውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እግሮቹን አወጡ፤ ጉድጓዱን ደፈኑ፤ ከወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥተን ከየእግሩ ሥር አነጠፍን። ለነፋሱ ደግሞ በየማዕዘኑ ትልልቅ ድንጋይ ቀብረን ከብረቱ ጋር በሽቦ አሰርነው፤ ይህ የወንድሜ ሐሳብ ነው፣ ደህና ሐሳብ ነበር። ከብቶቹ ሳይገቡ በሩ ተከፈተ። አባታችን ጠበል ረጩ። ጠዋት ባዶ በነበረ ቦታ ማታ ቤት ነበረኝ።

ክረምቱን እዚያ ከረምሁ። ስለ ቤቱ ያየሁትን ልናገር። ዝናብ ከየትም አልገባም። ቁንጫ አልነበረም፣ አይጥ የምትፈለፍለው ግድግዳ የለም። ብርዱ ሲከፋ ውስጡ ከጭቃው ቤት የባሰ አይደለም፤ የመሀሉ አረፋ ነገር ሙቀት ይይዛል። የተጨራመተውን ማዕዘን ወንድሜ በመዶሻ እያባበለ አቃናው። የማይመቸውንም ልናገር። ጣራው በዝናብ ጊዜ ስለሚጮህ ሰው በር ላይ ቆሞ ቢጠራኝ አልሰማም። ሚስማር መትቼ ዕቃ አልሰቅልበትም። ሙያተኛው እሳት ውስጡ እንዳላነድ አስጠንቅቆኛል፤ አረፋው እሳት አይችልም። ስለዚህ የማበስለው በወንድሜ ሚስት ማዕድ ቤት ነው።

እሷ ደግሞ ቤቱ ሳይመረግ መክረሙ አስጨነቃት። አንድ ቀን ጭቃና እበት አቡክታ መጣች።

«እንዴት ራቁቱን ይከርማል?» አለች። «ሰው ምን ይለናል? ሴት የሌለበት ቤት ይመስላል።»

አልከለከልኋትም። የበሩን ጎን አሳምራ መረገችው። በመጀመሪያው ዝናብ ምርጊቱ እንዳለ፣ እንደ ቆዳ ተገፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። መጥታ አየችው፤ ወገቧን ይዛ ቆየችና «አልፈልግሽም ነው ያለኝ» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ቤቱን እንደ ሰው አኮረፈችው።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ወገዳ ሄጄ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ጥግ ላይ ቦታ ተከራየሁ። ስመለስ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። የወንድሜ ልጅ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ወገኖች ልጁ ቤት አለው ወይ ብለው ሊያዩ መጥተው ነበር። ወንድሜም የእኔን ቤት አሳያቸው። በሩን ከፍተው ገቡ፤ ግድግዳውን በጣታቸው እየመቱ አደነቁ፤ ረክተው ሄዱ።

ያን ቀን ሳይመሽ ከደጅ ተቀምጠን ወንድሜ ቤቱን ለልጁ እንድተውለት ጠየቀኝ።

«ለአንቺ የጭቃ ቤት እሠራልሻለሁ። ሰፋ ያለ፣ ጓዳ ያለው።»

«በማን መሬት ጋሼ?»

«በእኔ ነዋ።»

«እንግዲያ ያንተ ነው የሚሆነው።»

«የእኔና ያንቺ መቼ ተለይቶ ያውቃል?»

ከባሌ ቤት ስመጣ አንድ ቃል ሳይጠይቅ በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። ደቦውን የጠራልኝ እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«እዚህ ምን ጎደለሽ?» አለኝ።

«ምንም አልጎደለኝም። ግን ቤቴን እፈልገዋለሁ።»

ተነስቶ ገባ። እኔም ገባሁና ዕቃዬን ጠቀለልሁ።

በማግስቱ ማለዳ በርጩማ ላይ ወጥቼ መፍታት ጀመርሁ። ዝናቡ የብሎኖቹን ዳዶ አዝጎታል። ላምባ እያንጠባጠብሁ፣ እየጠበቅሁ፣ በሁለት እጄ መፍቻውን እየሳብሁ አንድ በአንድ ፈታኋቸው። መዳፌ ተላጠ። ሰው ወደ እርሻው ሲያልፍ ቆም ብሎ ያየኛል፤ የሚናገረኝ የለም። የወንድሜ ሚስት ቁርስ አምጥታ ከድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

ጣራው ላይ ስደርስ ቸገረኝ። አንድ ሰው ሊይዘው፣ አንዱ ሊፈታው ይገባል። ብቻዬን ስለሆንሁ በራሴ ደግፌው በእጄ እፈታለሁ። አንደኛውን ወገን ስጨርስ ዘመመና አንገቴን ተጫነኝ። መውረድም መቆየትም አልቻልሁም። ወንድሜ በትሩን ይዞ ከአጥሩ አጠገብ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላየሁም።

«ይወድቅብሻል» አለ።

«ያዝልኛ።»

አልተንቀሳቀሰም። «ለልጁ ምን ልበለው?» አለኝ።

«የራሱን ይሥራ። ወንዶቹ ይትከሉለት፤ እኔ ከወገዳ መጥቼ እመርግለታለሁ። ሁሉንም ግድግዳ። ውስጡንም ውጭውንም።»

«የሠርጉ ቀን ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ። ክንዴን ታውቀዋለህ።»

በትሩን አጥሩ ላይ አስደገፈ። መጥቶ ሁለት እጁን ከጣራው ሥር ሰደደ። አንገቴ ቀለለኝ።

«ይዤዋለሁ» አለ። «ፍቺ።»

የልጁን ቤት የተባለው ቀን ሳይደርስ መረግሁት፤ የልጅቷ ወገኖችም ከቆርቆሮው ይልቅ ሞቅ ይላል ብለው ተቀበሉት። ግን ያ ከወር በኋላ ነው። ቤቴ ኮረብታውን በጎረቤቶቼ ትከሻ ወረደ፤ ከመንገዱ በአይሱዙ መኪና ወገዳ ገባ። ወንድሜ አብሮኝ መጣ። ባልቴቷ ግቢ ጥግ ላይ ድንጋዮቹን ራሱ አነጠፈ። ውሃ ልክ ስለሌለን በሳህን ውሃ ሞልቶ በየድንጋዩ ላይ እያስቀመጠ ውሃው ወዴት እንዳዘነበለ ያያል፤ ያነሳል፣ ያስቀምጣል። እኔ ከውስጥ ሆኜ ሀን ከሀ፣ ለን ከለ እያገናኘሁ ብሎን አስገባለሁ።

የገበያ ቀን ስለነበር ሰው መንገድ ላይ እየቆመ ያየን ነበር። አንድ ሽማግሌ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው ወንድሜን፣

«የማን ቤት ነው ይሄ?» አሉት።

«የእህቴ ነው።»

«ባሏ የት አለ?»

«የላትም።»

«ታዲያ ከየት አመጣችው?»

«ተሸክማው መጣች» አለ ወንድሜ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የሚቀጥለውን ግድግዳ አቀበለኝ።